ሲጠብቅና ሲላላ

የዓመቱ ምርጥ የኢ-ልቦለድ መጽሐፍ ደራሲ ተብላ መድረክ ላይ እስክትወጣ ድረስ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቃት በታይፒስትነቷ ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ስትተይብ ኖራለች፤ የራሷን ለመጻፍ የተቀመጠችው ግን ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ ነው። ዛሬም "ደራሲዋ" ሲሏት ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ ታያለች።

የሥራ ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም "አራት ነጥብ" ነው። ዓረፍተ ነገር ያለ አራት ነጥብ ሲያልቅ ካየች ሰላም አታገኝም። አንድ ቀን የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ለእጮኛው የጻፈውን ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ ረስቶት ሄደ። ሲመለስ ሦስት አራት ነጥብና አንድ ነጠላ ሰረዝ ተጨምሮበት አገኘው። "ምን አገባሽ!" ብሎ ጮኸባት። እጮኛው ግን "እስከ ዛሬ ከጻፍክልኝ ሁሉ የገባኝ ይሄኛው ነው" ስላለችው፣ ከዚያ በኋላ ደብዳቤዎቹን ራሱ ይዞላት ይመጣ ጀመር። አሁን የልጅ ልጅ አይተዋል።

መተየብ የተማረችው ከአንዲት ቁጡ አስተማሪ ነው። አስተማሪዋ የተማሪዎቹን እጅ በጨርቅ ትሸፍንና "ዓይን ወደ ወረቀቱ፣ ጣት ወደ ፊደሉ!" ትላለች። የሥራውን ሕግም ያስተማረቻት እሷው ናት፦ "ታይፒስት የተባለውን ይጽፋል። አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ አያስብም።" አራት ነጥብ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በደንብ ያዘች። ሦስተኛው ትንሽ ያስቸግራት ነበር፤ ቢሆንም ለእንጀራ ሲባል ቻለችው።

በሃያ ሁለት ዓመቷ አንድ የክር ፋብሪካ ቀጠራት። ቢሮዋ ፎቅ ላይ ነው፤ በመስኮቱ የጥጥ መጋዘኑ ጣሪያ ይታያል። ጠረጴዛዋ አንድ እግሩ አጭር ስለነበር ያረጀ ካርቦን አጣጥፋ ከሥሩ አስገብታበታለች። የጽሕፈት መኪናዋ መስመር ባለቀ ቁጥር ደወሏ "ቂል!" ትላለች። እሷም "ቂልስ አንቺ" እያለች ትመልስላታለች። ይህን ጨዋታ ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

ሥራ በጀመረች በስድስተኛው ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የጥጥ መጋዘኑ ተቃጠለ። የፋብሪካው ደንብ ግልጽ ነበር፦ የአደጋ ደወል ሲደወል የመፍተያ ክፍሉ ተረኛ ትልቁን ማራገቢያ ወዲያው ማጥፋት አለበት፤ ነፋሱ በቱቦ ወደ መጋዘኑ ያልፋልና። ደወሉ ተደወለ። ማራገቢያው ግን መዞሩን ቀጠለ። ሰው ሮጦ ገብቶ ለተረኛው እስኪነግረው ድረስ ነፋሱ እሳቱን ሲያጫውተው ቆየ፤ መጋዘኑም አመድ ሆነ። ሰው አልተጎዳም፣ እግዜር ይመስገን። ቢሆንም እሳት ከጠፋ በኋላ ጥፋተኛ መፈለጉ አይቀርም።

ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው አራት ነጥብ ነበረች። ተረኛው የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ነው። ከምስክሮቹ አንዷ ደግሞ የክር ማጠንጠኛው ኃላፊ፣ የራሱ ታላቅ እህት ነች። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እንደ እናት ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ማሽን ግን በድምፁ ብቻ ታውቃለች።

ሰብሳቢው ጠየቃት፦ "ደወሉ ሲደወል ተረኛው ማራገቢያውን ለምን አላጠፋም?"

እህትየዋ እጇን ወደ ማሽኖቹ አቅጣጫ አንስታ አሽከረከረች። ከዚያ ሁለት ጆሮዎቿን በመዳፏ ደፍና፣ ቃሉን ጥብቅ አድርጋ፣ "ደወል አይሰማም!" አለች።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ገባው። እንደዚያ በሚያጓራ ማሽን መካከል እንኳን ደወል መብረቅም አይሰማ። ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ። አራት ነጥብም ጻፈች፦ "መልስ፦ ደወል አይሰማም።" እጁን አልጻፈችውም፤ እጅ አይተየብም። ጆሮ መድፈኑንም አልጻፈችም። የተባለው ሁለት ቃል ነው፣ የጻፈችውም ሁለት ቃልና አራት ነጥብ ነው። መኪናዋ "ቂል!" አለች።

ፊደላችንን ታውቁታላችሁ። ብዙ ችሎታ አለው፤ ማጥበቅና ማላላት ግን አያሳይም። "አይሰማም" ብለህ "ሰ" እና "ማ" ላይ ጠበቅ ስታደርግ ድምፁ ጆሮ አይደርስም ማለት ነው፤ ጥፋቱ የደወሉ ነው። ላላ ስታደርገው ግን ሰውየው አይሰማም፤ ጥፋቱ የሰውየው ይሆናል። ወረቀት ላይ ሁለቱም መንታ ናቸው፤ እናታቸውም አትለያቸው።

ቃለ ጉባኤው በሌላ ከተማ ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት ሄደ። እዚያ ያነበቡት ሰዎች ያንን እጅ አላዩትም፣ ያንን ድምፅም አልሰሙትም። አላልተው አነበቡት። "የገዛ እህቱ 'አይሰማም' ካለች" ብለው ተረኛውን ጆሮውን እንዲመረመር ላኩት። ሐኪሙ መርምሮ "ጆሮው ከእኔም ከእናንተም ይሻላል" ብሎ ጻፈ። ይህ ያድነው መስሏችሁ ነበር? ጭራሽ ጉድጓዱን ቆፈረለት። ጆሮው ደህና ከሆነማ፣ ደወሉን እየሰማ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል ማለት ነው! የስንብት ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ "ደወል የማይሰሙ መሆንዎ በገዛ እህትዎ ቃል ስለተረጋገጠ…"

ሰውየው "በገዛ እህትዎ" የሚለውን ደጋግሞ አነበበው። ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በዚያው ሳምንት ከእህቱ ቤት ወጥቶ ሌላ ቤት ተከራየ። እሷ መጥታ ብታንኳኳ አልከፈተም። ሰው ብትልክለት "ልቤ ያውቃል፣ ልቧም ያውቃል" ብሎ መለሰው። የእሷ ልብ ግን ምንም አያውቅም ነበር።

የከተማው ሰው ደግሞ ለስም መቼ ይሰንፋል? "ጆሮ ዳባ" አሉት። እሱም ከአውቶቡስ መቆሚያው ጀርባ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የሬዲዮ ጥገና ከፈተ። ሬዲዮውን ከፍቶ ጆሮውን ጠጋ ያደርጋል፣ ጭርጭርታውን ያዳምጣል፣ ከዚያ ብልሽቱ የት እንዳለ በጣቱ ያሳይሃል። "ጆሮ ዳባ በጆሮው ኖረ" እያለ ሰው ይስቅ ነበር። አራት ነጥብም ከሰው ጋር ስቃለች። ሬዲዮዋንም እሱ ጋ ነበር የምታስጠግነው። ደወል አይሰማም ተብሎ ሲባረር ሌላ ማስረጃ የተገኘበት መስሏት ነበር እንጂ፣ የተባረረው በእሷ ሁለት ቃል መሆኑን አላወቀችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

ዓመታት አለፉ። አገባች፣ ሁለት ልጆች አሳደገች። የጽሕፈት መኪናዋ መጋዘን ገብታ ኮምፒውተር መጣ። ሃምሳ ሲሞላት፣ ያ ለእንጀራ ሲባል ሲታፈን የኖረ ሐሳብ ፈነዳና ስለ ታይፒስቶች ሕይወት አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ጻፈች። አርባ ቅጂ ተሸጠ። የቀረውን ባለሱቁ በኪሎ ወሰደው። ከወር በኋላ ሳሙና ብትገዛ በገጽ ሠላሳ አንድ ተጠቅልሎ ተሰጣት። እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆማ አነበበችው፤ ከታች አንድ አራት ነጥብ ጎድሏል። ከመጽሐፉ አለመሸጥ ይልቅ ያናደዳት ይሄ ነው።

በሃምሳ አምስት ዓመቷ ፋብሪካው ተዘጋ። የድሮ ወረቀቶች ሁሉ ይጣሉ ሲባል አንጀቷ አልችል አለና የካርቦን ቅጂዎቹን በካርቶን አድርጋ ቤቷ ወሰደች። እናቷ አብራት ትኖራለች። እናቷ ፊደል ባትቆጥርም ሲነበብላት በጣም ትወዳለች፤ የፋብሪካ ቃለ ጉባኤ ይሁን የመድኃኒት መመሪያ ግድ የላትም። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ልጅ ታነባለች፣ እናት ትፈርዳለች። "ይሄ ሰብሳቢ ዋሾ ነው፣ ቀጥይ" ትላለች።

አንድ ቀን ያ የእሳቱ ቃለ ጉባኤ እጇ ገባ። ቀኑን፣ ስሞቹን፣ ጥያቄውን አነበበች። መልሱ ላይ ስትደርስ ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት በሰማችው ድምፅ፣ ሳታስበው ጠበቅ አድርጋ፣ "ደወል አይሰማም" አለች።

"ታዲያ ደወሉ ካልተሰማ ሰውየው ምን አጠፋ?" አለች እናቷ። "ይሄ ያ ጆሮ ዳባ የሚሉት አይደለም እንዴ? በምኑ ነው ያባረሩት?"

"ደወል አይሰማም ተብሎ ነዋ፣ እማ" አለች አራት ነጥብ፤ ይሄኛውን ላላ አድርጋ።

ወዲያው የራሷን አፍ ሰማችው። ወረቀቱን አየችው፤ ሁለቱም እዚያው አንድ መስመር ላይ ተቀምጠዋል። ፊቷ ሲለዋወጥ እናቷ "ምነው ልጄ፣ አመመሽ?" አለቻት። ያቺ መኪና ለካ ያን ቀን እውነቷን ነበር።

በማግስቱ እህትየዋ ቤት ሄደች። ሰማንያ ሞልቷታል፤ በር ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። አራት ነጥብ ወረቀቱን ሳታሳያት "እትዬ፣ ያን ቀን ምን ብለው መሰከሩ?" አለቻት። አሮጊቷ ኪሮሿን አስቀምጣ እጇን አሽከረከረች፣ ጆሮዋን ደፈነች፣ "ደወል አይሰማም!" አለች፤ ጥብቅ አድርጋ፣ እንደ ድሮው።

"ከዚያ በኋላ አኮረፈኝ" አለች። "ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ምን እንዳደረግኩት አላውቅም። ሥራውን ስላጣ አፍሮ ነው እላለሁ። ወንድም አይደል፤ ይመጣል እያልኩ ይኸው አረጀሁ።"

አራት ነጥብ እውነቱን ለመናገር ድፍረት አጥታ፣ ነገሩን በመጽሐፍ ልትጽፈው ሌላ ሰባት ወር ፈጀች። በሕይወት ያሉትን ሠራተኞች አንድ በአንድ ጠየቀች። የሥራ ስልቷም በዚህ ጊዜ ተለወጠ፦ ሰው የተናገረውን ስትጽፍ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ነጥብ ታደርጋለች፤ ከዚያ ለተናጋሪው ራሱ ጮክ ብላ ታነብለታለች። "ጆሮ ያላለፈ አይታተምም" የሚለው ሕግ የእናቷ ነው። ረቂቁ ሲያልቅ አንድ ምዕራፍ ብቻ ቀረ፤ የታይፒስቷ።

የማተሚያ ቤቱ አርታኢ አንብቦ ወደደው። "አንድ ነገር ብቻ" አላት፤ "ራስሽን ለምን ታስገቢያለሽ? 'አንዲት ታይፒስት' በይና እለፊው። ሰው እኮ ጨካኝ ነው፤ የሰው ኑሮ ያፈረሰች ይሉሻል።"

እውነቱን ነው። ሰውየውም የሰማ ቀን ምን እንደሚል አይታወቅም። የሠላሳ አራት ዓመት ቁጣ ተሸክሞ የኖረ ሰው፣ ማውረጃ ሲያገኝ እሷ ላይ ቢያወርደው ማን ይፈርድበታል? ሦስት ቀን ቤት ውስጥ ተንቆራጠጠች። በሦስተኛው ቀን እናቷ ሰለቻት።

"የሰው ነጥብ ስታሟዪ ኖረሽ የራስሽን ልታስቀሪው ነው?" አለቻት። "ሂጂ ንገሪው። ቢቆጣ ቁጣ አይገድልም።"

ሄደች። ጠባቧ ሱቅ ውስጥ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች መደርደሪያ ሞልተዋል፤ ሦስቱ ቀስ ብለው ያወራሉ። ሰውየው መበየጃውን ይዞ ቀና አለ።

"ደግሞ ያቺ ሬዲዮ ተበላሸች?"

"አይ ጋሼ። የመጣሁት በወረቀት ነገር ነው።" ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። "ይሄን የተየብኩት እኔ ነኝ።"

አየውና ሳይነካው ተወው። በቃሉ ያውቀዋል። "ታዲያ አንቺ ምን አደረግሽ? የተባለውን ነው የጻፍሽው። ያለችው እህቴ ናት።"

"እንዴት እንዳለችው ሰምተዋል?"

"አልሰማሁም። ውጭ ተራዬን ስጠብቅ ነበር።"

አራት ነጥብ ቆመች። እጇን ወደ ላይ አንስታ አሽከረከረች፤ ሁለት ጆሮዎቿን ደፈነች፤ እህትየዋ እንዳለችው አድርጋ አለችው።

ሰውየው እጁን ዘርግቶ አንዱን ሬዲዮ አጠፋ። ሁለተኛውን አጠፋ። ሦስተኛውንም። "ድገሚው" አላት።

ደገመችው።

"ጠበቅ አድርጋ?"

"ጠበቅ አድርጋ። ያላላሁት እኔ ነኝ ጋሼ፤ ሳላውቅ። እጇን ብጽፈው ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር።"

ሰውየው ፊቱ ቀላ። "ሠላሳ አራት ዓመት!" ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታው ብሎኖቹ ዘለሉ። "ሠላሳ አራት ዓመት ሬዲዮ እየጠገንኩልሽ! 'እንዴት ዋሉ ጋሼ' ስትዪኝ! ውጪልኝ! ከፊቴ ዞር በይ!"

ወጣች። እግሯ ግን አልሄድ አላትና በሩ ፊት ቆመች። ዕንባዋን ማንም እንዳያይባት የአውቶቡስ ሰልፍ የያዘች መሰለች። ሁለት አውቶቡስ አለፈ። ሦስተኛው ሳይመጣ ሰውየው ወጥቶ ሱቁን ቆለፈ፤ ሽርጡን እንኳ አላወለቀም።

"እዚያው ቤት ናት?" አላት።

"እዚያው ናት።"

"አውቃለሁ። የጠየቅኩሽ እግሬ እንዲነቃነቅ ነው።"

አብረው ሄዱ። እህትየዋ እንደ ልማዷ በር ላይ ነበረች። ቀና ስትል ወንድሟ ሽርጡን እንደታጠቀ ፊቷ ቆሟል። ኪሮሹ ከእጇ ወደቀ። ምን ማለት እንዳለባት ሠላሳ አራት ዓመት ስታዘጋጅ የኖረች ሴት ሁሉም ጠፋባት።

"ምሳ በልተሃል?" አለችው።

"አልበላሁም፣ እትዬ።"

"ግባ በል።"

አራት ነጥብ አልተከተለቻቸውም። መጽሐፉ ውስጥ በዚህ ቦታ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "ከዚህ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም።" የታይፒስቷ ምዕራፍ ግን ከነሙሉ ጥፋቱ ታተመ። ረቂቁን ስታነብለት ሬዲዮ ጠጋኙ እስከ መጨረሻው አዳምጦ፣ "የሬዲዮዋን ሞዴል ተሳስተሻል" አላት። ይቅርታው ይሄ ነበር፤ ሌላ አልጠበቀችም።

የመጽሐፉ ስም "ደወል አይሰማም" ነው፤ ሽፋኑ ላይ "ሰ" እና "ማ" አናታቸው ላይ ሁለት ሁለት ነጥብ አላቸው። ማለትም ሊኖራቸው ነበር። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ንጽሕና የሚወድ አንድ ሠራተኛ ነጥቦቹ የዝንብ ኩስ መስለውት ሙልጭ አድርጎ አጸዳቸው። አንድ ሺህ ሽፋን እንደዚያው ታትሞ ወጣ! አርታኢው ራሱን ያዘ። አራት ነጥብ ግን መጀመሪያ ብትጮህም፣ ወዲያው ሳቋ መጣ። ሦስት ቀይ እስክሪብቶ ገዝታ ወንድምና እህቱ ዘንድ ሄደች። አራት ቀን ሙሉ ሦስቱ ተቀምጠው ሺው ላይ ሁሉ ነጥቡን በእጅ አደረጉ። ከሦስቱ አንድም ያልሳተችው ያቺ ፊደል የማታውቀው አሮጊት ናት። "ጆሮዬ ያውቀዋል" እያለች ሁለቱን ትወቅሳቸው ነበር።

መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ተሸለመ። አዳራሹ ሞላ። ከፊት ወንበር የአራት ነጥብ እናት፣ አጠገቧ አሮጊቷ እህት፣ ከዚያ ሬዲዮ ጠጋኙ ተቀምጠዋል። እሱ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የዚያ ሁሉ ጭርጭርታ ዋጋ ይሁን የዕድሜ፣ አሁን ጆሮው እውነትም ከድቶታል። "ሰዎቹ ትንሽ ቸኮሉ እንጂ አልተሳሳቱም" እያለ በራሱ ይቀልዳል።

አራት ነጥብ መድረክ ላይ ወጥታ ያዘጋጀችውን ንግግር ዘረጋች። ፊደሎቹ ተደበላለቁባት። ተወችውና የመጽሐፉን ስም ብቻ፣ እንደ እህትየዋ አድርጋ፣ ጮክ ብላ አለች።

ሬዲዮ ጠጋኙ ወደ እህቱ ዘንበል አለ። "ምን አለች?"

"ደወል አይሰማም አለች!"

"ላላ አድርጋ ነው፣ ጠበቅ አድርጋ?"

አሮጊቷ ከወንበሯ ብድግ አለች። የወንድሟን ትከሻ ይዛ፣ ያን ቀን ኮሚቴው ፊት ባለችበት ድምፅ፣ "ጠበቅ አድርጋ!" ብላ ጮኸች።

አዳራሹ በሙሉ ሰማት።